ዘሕማ ነው፣ ባባ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ከአስር ሶላት በኋላ

ቆመናል። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከላይ ፀሐይ። ሞተር አላጠፋሁም፤ ለባባ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋቸዋል። ከጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ አላውቅም። እኔ አንተን፣ ደብተሬን፣ መሪው ላይ አስደግፌ እጫጭራለሁ።

ረዳቴ፣ ስሙን ያወጣሁልህ አውቄ ነው። አዲስ አበባ ሚኒባስ ስነዳ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮህልኝ፣ ወሬ የሚያቀብለኝ ረዳት ነበረኝ። እዚህ ጅዳ መሪ እንጂ ረዳት የለኝም። ስለዚህ አንተ ሁንልኝ። መጮህ አይጠበቅብህም።

ዛሬም ያው ነው። ባባ ነጭ ቶባቸውን ለብሰው፣ ሽቷቸውን ተቀብተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ቤት ውሰደኝ አሉ። የወጡት ከቤት ነው፤ ኦብሑር፣ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ካለው የልጃቸው የሂሻም ቪላ። የእሳቸው ቤት ግን ሌላ ነው። መሀል ከተማ፣ የተወለዱበት፣ ያገቡበት፣ ልጆች ያሳደጉበት። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሳሉ ሰፈሩ ለመንገድና ለአዳዲስ ሕንፃ ፈረሰ። ማን ይንገራቸው? ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካቸው ብሏል። እግርህ እስኪጠና እኛ ዘንድ ሁን ተባሉ። እግራቸው ጠና።

ሂሻም ከፊሌ፣ አሠሪዬና ዋሴ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሱ ስም ነው። ሥራ ስጀምር እንዲህ አለኝ። ቤት ውሰደኝ ሲሉህ እምቢ አትበል። ይዘሃቸው ወደ መሀል ከተማ ውረድ። መንገዱ መጨናነቁ አይቀርም። ዘሕማ ነው፣ አያሳልፍም፣ ነገ ኢንሻአላህ በላቸውና ተመለስ። ጅዳ ውስጥ ከመኪና መጨናነቅ ጋር የሚከራከር ሰው የለም። ዘሕማ ካሉህ አለቀ።

ባባም አይከራከሩም። ሹፌር ነበሩ። በጉልምስናቸው ሐጃጆችን ከወደብ እየጫኑ መካ ያደርሱ ነበር። ለዚህ ነው ከኋላ የማይቀመጡት። ከጎኔ ሆነው፣ ማርሽ በሌለው መኪና፣ ማርሽ ቀይር ይሉኛል።

ዛሬም አልኳቸው። ዘሕማ ነው፣ ባባ። ምን ይደረግ እንደማለት እጃቸውን አነሱ። እየተንቀሳቀስን ነው፤ ልዝጋህ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ጠዋት፣ መኪና አጥቤ

እውነቱን ልንገርህ? ዘሕማውን ወድጄዋለሁ። ሚኒባስ ስነዳ ጠላቴ ነበር፤ መገናኛ ላይ ቆሜ ስንቱን ተሳድቤያለሁ። አሁን የምቸኩልበት የለም። መኪናው ሁሉ ሲቆም ከተማው ይረጋል። ከባሕሩ እርጥብ ነፋስ ይመጣል። የመስታወቱ ብርሃን ይደበዝዛል። ጎን ያለው ሹፌር ስልኩን ጥሎ ያዛጋል። ባባ ያን ጊዜ መናገር ይጀምራሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከፀጉር አስተካካዩ ወደ ቀኝ ታጠፍ። ዳቦ ቤቱን እለፍ፤ ሽታው ይነግርሃል። ከዚያ ጠባብ ናት፤ መስታወትህን እጠፍ። መጨረሻው ላይ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ፊት ለፊት አረንጓዴ የእንጨት መስኮት ያለው ቤት።

መኪናው አይነቃነቅም፤ እኔ ግን ታጥፌ ታጥፌ ደጃቸው ደርሻለሁ። ስንቴ። ረግጬው የማላውቀውን ሰፈር ከሰፈሬ እኩል አውቀዋለሁ። አንዳንዴ ሌሊት በህልሜ የማየው የቱን እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ የሳቸውን ነው ወይስ የኔን።

ትናንት አገር ቤት ደወልኩ። ትዕግስት አነሳች፤ ታናሽ እህቴ ናት፣ ከእማዬ ጋር የምትኖረው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት አለችኝ። በቪዲዮ አሳዪኝ አልኳት፣ በሩን ብቻ፤ ባለፈው ፈቃዴ ሰማያዊ የቀባሁትን። ኔትወርክ አይሠራም አለች። ካዛንቺስ መንገድ እየተሠራ ነው፣ ሁሉ ነገር ተቆፍሯል፣ አቧራው አያሳይም። እሺ አልኩ። መንገድ ሲሠራ እንዲህ ነው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ። ባሕራ

ሻይ ቤት ነኝ፣ ጅዳና መካ መሀል። ዓርብ ዓርብ ባባ መካ፣ ሐረም መስጊድ ይሰግዳሉ። ሂሻም ሥራው መካ ነው፤ ሳምንቱን እዚያው ውሎ ያድራል፣ ዓርብ ደግሞ ይብስበታል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም። ከዚህ ወዲያ ምልክቱ አለ፤ ሙስሊም በዚህ፣ ሌላው በዚያ። ስለዚህ ባባን እስከ ባሕራ አመጣቸዋለሁ፤ ሂሻም መጥቶ ይቀበለኛል። እስኪመልሳቸው ጎማ ቤቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። የኔ መጨረሻ ፌርማታ ይቺ ናት።

ባባም በደጉ ጊዜ እዚህ ይቆሙ ነበር። ሐጃጁ ውሃ ሲጠጣ፣ ሞተሩ ሲበርድ። ሞተር ሲግል የሚቸኩል ሹፌር አይባልም ይሉኛል። ዛሬ ይኼን ሲሉኝ ፍሬን ረግጬ ነበር፤ ደስ አላቸው።

አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ያልፋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ራሳቸውን መስታወት ላይ አስደግፈው ተኝተዋል። ከየት አገር እንደመጡ እንጃ። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ። ደስ ይላል ማየቱ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ጉድ ፈላ። አዲሱ ድልድይ ተከፈተ።

ሲገነባ ስንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ አጥሩ ተነስቷል። አስፋልቱ ጥቁር፣ መስመሩ ነጭ፣ ሰው የለም። መኪናው ራሱ ወጣበት። ጅዳ ከታች ተዘርግታ፣ ባሕሩ በቀኝ በኩል እያበራ። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ የምንበር መሰለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚህ አካሄድ ያላንዳች ማቆሚያ መሀል ከተማ ልንደርስ ነው።

ባባ ቀና ብለው ተቀመጡ። ማሻአላህ፣ ዛሬ ተከፍቷል አሉ። ቶባቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አምፖል አወጡ። የወደቁት ደረጃው ላይ ነው፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ጨለማ ነበር። እንደገባሁ መጀመሪያ እሱን ነው የምቀይረው አሉኝ። ይዘውት እንደሚዞሩ አላውቅም ነበር።

ላብ አጠመቀኝ። በሕይወቴ ዘሕማ ፈልጌ አላውቅም፤ ዛሬ ፈለግሁ። ታጥፌ ሂንዳዊያ ገባሁ፤ ጠባቡ ገበያ፣ ጋሪው፣ የውሃ ቦቴው፣ በሁለት ረድፍ የቆመው መኪና። ተመስገን፣ ተዘጋ። ዘሕማ ነው፣ ባባ። መንገዱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። አምፖሉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። አንጀቴን በሉት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ዘሕማ አዳኝ ሆኛለሁ። ት/ቤት ሲለቀቅ የቱ ጋ እንደሚዘጋ፣ ዓሣ ገበያው መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛው መብራት ቀዩን እንደሚያስረዝም። ሌላው ሹፌር ስልኩ ላይ ቀይ መስመር ሲያይ ይሸሻል፤ እኔ ቀዩን ፈልጌ እገባበታለሁ። የድሮው ረዳቴ ቢያየኝ ለይቶለታል ይል ነበር። ተቆልፈን እንቀመጣለን፤ ባባ ይነዱኛል፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ዛፉ።

ዛሬ ሂሻም ደወለ። መኪናው የት እንዳለ በስልኩ ያያል። ሂንዳዊያ ምን ትሠራለህ አለኝ፣ በየቀኑ። ነገርኩት፤ ድልድዩ ተከፈተ፣ ዘሕማ ጠፋ። ኻላስ፣ በቃ አለ። ከእንግዲህ መሀል ከተማ የሚባል የለም። ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ አንሸራሽራቸው፣ ጁስ ግዛላቸው፣ መልሳቸው። አባቴ ያን ባዶ ቦታ አይተው አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ያን ቀን ኹሩጅህን፣ የመውጫ ቪዛህን፣ አስመትቼ ወደ አገርህ እሸኝሃለሁ። አለቀ።

አልፈርድበትም። አባቱን ይወዳል። የሰውም ሥራ ነው፤ እንጀራዬ ነው። ግን ባባ ኮርኒሽ ላይ አያወሩም። ባሕሩን እያዩ ዝም። ረዳቴ፣ ከአሁን በኋላ የት ነው የምወስዳቸው?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

እማዬ አልደወለችም።

ሳውዲ ከገባሁ ጀምሮ በኅዳር ሚካኤል ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ቀኗ ነው። የካ ሚካኤል አንግሣ ስትመለስ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትደውላለች። ድምጿ ጎርነን ይላል፤ የኅዳር ጭስ ነው፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያቃጥል። መጀመሪያ ትመርቀኛለች። ከዚያ አላገባህም ብላ ትሰድበኛለች። ዓመቱን የሚያቆየኝ ስድብ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ፊቴ ሰክቼ ነዳሁ። ኮርኒሽ። ባባ ጁሳቸውን ሳይጠጡ ይዘውት ተመለሱ። ሲመሽ እኔ ደወልኩ። ትዕግስት። ደክሟት ተኝታለች አለች። መንገዱ ተዘግቶ ብዙ በእግሯ ሄዳ ነው። ነገ ታገኛታለህ።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

ኅዳር 13፣ ዓርብ። ባሕራ

ባባ ከመኪና ሲወርዱ ፊቴን አዩት። ምን ሆንክ አሉኝ። እናቴን አላገኘኋትም አልኩ። መካ ዱዓ አደርግላታለሁ አሉና ስሟን ጠየቁኝ። የክርስትና ስሟን ነገርኳቸው፣ ወለተ ሚካኤል። ሁለቴ አስደገሙኝ፤ ምላሳቸው ላይ አልያዘም። ባንተ ስም፣ የሙሉጌታ እናት ብዬ እላታለሁ፣ አላህ ያውቃታል አሉ። ሂሻም ይዟቸው ሄደ።

ተቀመጥኩ። አውቶቡሶቹ ያልፋሉ። ሻዩ በረደ። ፀሐዩ ጎማ ቤቱ ደጅ ላይ ተንጣሎ፣ ሰው ሁሉ በሰመመን የሚራመድ ይመስላል። በዚያ መሀል አንድ ነገር ቀስ ብሎ መጣብኝ።

መንገድ እየተሠራ ነው። ተቆፍሯል። አቧራው አያሳይም። ተዘግቷል። ነገ።

ይኼ የማን ቃል ነው? የኔ ነው። ለባባ የምለው። ትዕግስት ዘሕማ ነው እያለችኝ ነው።

እኛ አገር ለስደተኛ ሞት እንደማይነገር ማን ሊያስተምረኝ? ጎረቤት ቪላ የሚጠብቀው አበበ አባቱ ከሞቱ ከዓመት በኋላ ነው የሰማ። ያን ሁሉ ጊዜ እርሻ ሄደዋል፣ ተኝተዋል፣ ጆሯቸው ደክሟል ሲሉት ነበር። መርዶውን የነገርነው እኛው ነን፤ በጠዋት ሄደን በሩን ያንኳኳን። እኔ ነበርኩ ያንኳኳሁት። በሩን ሲከፍት የነበረው ፊቱ አሁንም አይጠፋኝም።

እማዬ።

ባባ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። አደረስኩልህ አሉኝ። መንገዱን ብቻ አየሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አልደወልኩም። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ቁጥሩ ይወጣል፤ አልነካውም። እስካልጠየቅሁ ድረስ ተኝታለች። ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰማያዊውን በር ዘግታ ወጥታ፣ ይኸው እየተመለሰች ነው፤ መንገዱ ነው ያዘገያት።

ባባ ለምን ከዘሕማ ጋር እንደማይከራከሩ ገባኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ። ልብሴ ገና እርጥብ ነው

ዘነበ። ጅዳ ሲዘንብ ለጥቂት ነው፤ ከተማው ግን ይሰጥማል። ኮርኒሽ ላይ ነበርን፣ እንደታዘዝኩት። ሰማዩ ባንዴ ጠቆረ። ስንመለስ የመሬት ውስጥ መተላለፊያው ውሃ ሞልቶ ተዘግቷል። ትራፊክ ፖሊሶቹ መኪናውን ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ይገፉታል። እኔ አልመረጥኩም፣ ረዳቴ፤ ምስክሬ ነህ።

መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመጣል። የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ውሃው ላይ ይቀልጣል። ትንሽ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ሂንዳዊያ ስፈልገው የነበረው ሁሉ ዘሕማ ዛሬ አንድ ላይ መጣ። በዚያ መሀል ባባ የጎኑን መስታወት በእጃቸው ጠረጉ። አቁም አሉኝ።

ቆሜ ነበር። በስተቀኝ የቆርቆሮ አጥር። ከአጥሩ በላይ አንድ ዛፍ። ኒም።

ወረዱ። ሮጬ ደረስኩባቸው፤ ጃንጥላ የለ። ቆርቆሮው የተላቀቀበት ቦታ ቆመው አዩ። የተደለደለ መሬት፣ ውሃ ያቆረ። ከማዶ አዲሱ ድልድይ። ሌላ ምንም የለም። አሁን ይወድቃሉ ብዬ ከኋላቸው ክንዴን ዘረጋሁ። አልወደቁም። መቼ ነው አሉኝ። ዘሕማ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አንደበቴ እንቢ አለ። ሆስፒታል ሳሉ፣ ባባ።

አለቀሱ፤ ሳይደብቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን እያነሱ አሳዩኝ። ደረጃው እዚያ። መስኮቱ እዚያ። የሂሻም እናት ልብስ የምታሰጣበት ሰገነት እዚያ። ሁሉም ልክ እንደነገሩኝ ነው። እኔም አየሁት። ከኋላችን ጥሩምባ ይጮሃል፤ የሚሄድ ግን ማንም የለም።

መኪና ውስጥ ብዙ ቆየን። አምፖሉን አውጥተው ፊታችን አስቀመጡት። አንተ ቤት ደረጃ ካለ ውሰደው አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ ለሂሻም እንዳትነግረው። እንዳላወቅሁ ነው የሚያስበው፤ ማወቄን ካወቀ ያዝናል። ነገም ዘሕማ ነው በለኝ።

ልባቸውስ? ኦብሑር ደርሰን የምስር ሾርባቸውን ጠጥተው ተኙ። ማዳም፣ የሂሻም ሚስት፣ ምን አስመሻችሁ አለችኝ። ዘሕማ አልኳት። ዛሬስ አልዋሸሁም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ባባ ቻሉት። እኔስ።

ደወልኩ። ትዕግስት አነሳች። ሰላምታዋን አላስጨረስኳትም። እማዬ በሕይወት አለች? ዝም አለች። ያቺን ዝምታ እንኳን ለሰው ለጠላትም አልመኝ። ከዚያ ከኋላዋ ድምፅ ሰማሁ፤ ማን ነው ይላል። ጎርነን ያለ። ስልኩን ነጠቀቻት።

እማዬ ናት። ሆድ ባሰኝ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደነገጠች፤ ቀጥላ ተቆጣች። ማን ገደለኝና ነው የምታለቅሰው አለችኝ። ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ።

የጠፋው ቤቱ ነው። ጥቅምት ላይ ፈረሰ፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ መንገዱ ሲሰፋ። ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ አራተኛ ፎቅ። እንዳትነግሪው ያለቻት ራሷ ናት። ያን በር ሲቀባ ሦስት ቀን አልተኛም፤ ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ ብላ። በሩንስ አልኳት። በሩን ነቅላ ይዛው ሄዳለች። በረንዳ ላይ ቆሟል፤ የሚገጠምበት የለም።

ታዲያ በሚካኤል ምነው ሳትደውዪ አልኳት። በሚካኤል ቀን መዋሸት አቃተኝ አለችኝ።

የንግሡ ቀን በሁለት ታክሲ ሄዳለች። መንገዱ አላሳልፍ ብሎ ስትደርስ ታቦቱ ገብቷል። ደጁን ስማ ተመለሰች። ደረጃው መብራት የለውም፤ አራት ፎቅ ግድግዳ እየዳበሰች ወጣች። ይኼን ሁሉ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። መቼ ነው የምትመጣው አለች በመጨረሻ። ዘንድሮ አይመችም ልላት ምላሴ ላይ ደረሰ። ያው ዘሕማ። ዋጥኩት። ደውዬ እነግርሻለሁ አልኳት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ከአስር ሶላት በኋላ

ወሰንኩ።

ለሂሻም ጻፍኩለት፣ በአረብኛ፣ እየደለዝኩ። ለጥምቀት አገር ቤት እገባለሁ፤ ፈቃድ ስጠኝ። እናቴ ደረጃ በጨለማ እየወጣች ነው። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባትህን ዘሕማ ነው አልላቸውም። አይተዋል ብዬ አልጻፍኩም፤ ለባባ ቃል አለብኝ። ራስህ አሳያቸው አልኩት። አትፍራላቸው። ዛሬ የኒሙ ዛፍ ጋ እንጠብቅሃለን፤ መካ ሩቅ አይደለም።

አንብቦታል። መልሱ ኹሩጅ ሊሆን ይችላል። ይሁን፤ ያም ቢሆን መንገዱ ወደ እማዬ ነው።

አምፖሉን በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ባባ ወጡ። ነጭ ቶብ፣ ሽቶ፣ ምርኩዝ። ከጎኔ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። ዛሬ ቤት ውሰደኝ አላሉም። እዚያ ቦታ አሉኝ፣ ማዳም እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መንገዱ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ክፍት ነው፣ ባባ አልኳቸው። በድልድዩ ነው የምሄደው። መኪናው የት እንደቆመ ሂሻም በስልኩ ያያል። ይየው።